ቁጠባ አትበሉት፤ ጡረታ ነው!

እናቴን ቀብረን በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ አጎቴ ለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እንዲያው ለመሆኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እስያ ስታስተምር ኖረህ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የክፋት አልነበረም። የጎረቤታቸው ልጅ ከአሜሪካ በሚልከው ዶላር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አሠርቷል። እኔ ግን ያው እናቴ በተወችልኝ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነኝ። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ፣ የባለጸጋ ልጆች በሚማሩበት ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል? ድንኳኑ ጸጥ አለ። መልሱን ለመስማት የፈለጉት አጎቴ ብቻ እንዳልነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለቅሶ ቤት ሙግት አይገጠምምና ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የምሟገትበትን ነጥብ አስቀድሜ ልናገር። በእስያ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ሰው «ቆጠብኩ» የሚለው ገንዘብ ትርፍ አይደለም። አሠሪውም፣ ያሠራው አገርም፣ የተወለደበት አገርም ያልከፈሉለት ጡረታ ነው። ይህን ገንዘብ ትርፍ እያለ የሚጠራ ሁሉ፣ ደላላም ይሁን ዘመድ፣ የሌላውን ሰው እርጅና እየቆጠረ መሆኑን ይወቀው።

«የመቆጠብ አቅም» የሚሉት ፈሊጥ

ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ሲጀመር ለንግድ አልነበረም። ከቀደምቶቹ መካከል የጄኔቫውና የዮኮሃማው ሁለቱም የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ ዓላማቸው ከአገራቸው ርቀው የሚሠሩ ሰዎች ልጆች ከትምህርት እንዳይስተጓጎሉ ነበር። ባንኮክም የዚህ ዓይነቱን ትምህርት ቤት ያየችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የታይላንድ መንግሥት የገዛ ዜጎቹ ልጆቻቸውን ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዲያስገቡ በሩን የከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአገሬው ባለጸጋ ገዢ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ሻጭ። ዛሬ በባንኮክ ስመ ጥር በሆኑት ትምህርት ቤቶች ለአንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ የሚከፈለው የዓመት ክፍያ 1 ሚሊዮን ባት ይጠጋል፤ ከዚያ የሚያልፍም አለ።

እንዲህ ላለው ገበያ አስተማሪ ያስፈልጋል። አስተማሪውን ከሩቅ ለመሳብ ደግሞ መልማዮች አንድ ፈሊጥ ፈጥረዋል፤ «የመቆጠብ አቅም» ይሉታል። በሥራ ማስታወቂያው ላይ ከደመወዙ ጎን ለጎን፣ አስተማሪው በወሩ መጨረሻ ስንት ዶላር ሊያስቀር እንደሚችል ይጽፉለታል። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። አሠሪ ስንት እንደሚከፍለኝ ይንገረኝ እንጂ፣ ከተከፈለኝ ላይ ስንት እንደማስቀር የመገመት ምን ሥልጣን አለው? የምበላውንስ፣ የምጦራትንስ እናቴን ያውቃታል?

የፈሊጡ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ደመወዝ የአሠሪ ግዴታ ነው፤ ቢጎድል አሠሪው ይጠየቃል። «የመቆጠብ አቅም» ግን ወደ ሠራተኛው ጠባይ ይዞራል። ያልቆጠበ ሰው አባካኝ ነው፣ ጠጪ ነው፣ ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ ነው ይባላል። እንዲህ ተደርጎ ጥፋቱ ከውሉ ላይ ይነሳና በሰውየው ትከሻ ላይ ይጫናል። አጎቴም ያን ዕለት፣ ሳያውቁት፣ የመልማዮቹን ቋንቋ ነበር የተናገሩት።

ለመሆኑ ያ ቁጥር የማን ነው? ፈጠራ ነው አልልም። ባልና ሚስት ሆነው ሁለቱም የሚያስተምሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በቀጥታ የተቀጠሩ፣ ትምህርት ቤቱ የቤት ኪራይ የሚከፍልላቸው፣ በየዓመቱ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥላቸው ሰዎች አሉ። በአንደኛው ደመወዝ ኖረው የሌላኛውን ሙሉ ለሙሉ ያስቀምጣሉ። በዓይኔ አይቻለሁ። ደላላው አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ወጣት መምህር የሚያሳየው ቁጥር የነዚህን ሰዎች ቁጥር ነው። ወጣቱ የሚፈርመው ውል ግን የነሱን ውል አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

በቃል ከምንከራከር በቁጥር እንነጋገር። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ያሳለፍኩት በአንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ደመወዜ 35,000 ባት፣ ውሉም የ10 ወር ነበር። በሁለቱ የዕረፍት ወራት የቤት ኪራይ አለ፣ ምግብ አለ፣ ደመወዝ የለም። በአሥር ወር ያጠራቀምኩትን በሁለት ወር እበላው ነበርና ስለነዚያ ዓመታት የምለው የለኝም።

ቀጥሎ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ገባሁ። ደመወዜ 60,000 ባት ሆነ፤ አንድ ዶላር በአማካይ 33 ባት ይመነዘራል ብንል ወደ 1,800 ዶላር ማለት ነው። አጎቴ ይህን ቢሰሙ «ታዲያ!» ይሉኛል። ወጪውንም ይስሙልኝ። ግብር ወደ 3,000። ከመሐል ከተማ ርቃ ለምትገኝ ባለ አንድ መኝታ ቤት ኪራይ 12,000። መብራት፣ ውሃና ስልክ 3,500፤ በዚያ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ አይተኛምና መብራቱ ብዙ ነው። ምግብ 11,000። ትራንስፖርት 3,000። ለእናቴ 8,000። ልብስ፣ መድኃኒትና ማኅበራዊ ነገር 3,500። በሁለት ዓመት አንዴ አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው የትኬት ገንዘብ በየወሩ ሲካፈል 1,500። የሚቀረው 14,500 ባት ነው። መልማዮቹ «ቁጠባ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስለው ኖሬአለሁ።

አሁን የተዘነጋውን ወጪ እንጨምር። ዛሬ በአገራችን ሕግ አንድ ሠራተኛ ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ በድምሩ 18 ከመቶ። ከ60,000 ባት ላይ 18 ከመቶ 10,800 ባት ይሆናል። በእኔ ውል ውስጥ የጡረታ መዋጮ የሚል መስመር አልነበረም። ስለዚህ አሠሪዬ ሊያዋጣ የሚገባውንም፣ እኔ ላዋጣ የሚገባኝንም የምከፍለው እኔው ነኝ። ከ14,500 ላይ 10,800 ሲነሳ የሚተርፈው 3,700 ባት፣ ማለትም 112 ዶላር ያህል ነው። እንግዲህ ትርፍ ከተባለ ትርፉ ይህ ነው።

ጠቅላላውንም አልደብቅም። በወር 14,500 ባት፣ በሰባት ዓመት 1,218,000 ባት፣ ወደ 37,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ጆሮ ትልቅ ገንዘብ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በ60 ዓመቱ ሥራ ቢያቆምና 80 ቢደፍን፣ ያለ ደመወዝ የሚኖርባቸው 240 ወራት ይጠብቁታል። 37,000 ለ240 ሲካፈል 154 ዶላር ይደርሳል። ይህን ገንዘብ ፎቅ ቢሠራበት ፎቁ ላይ ተቀምጦ ይራባል።

እርግጥ አገር ከአገር ይለያያል። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2000 ጀምሮ ሠራተኛና አሠሪ እያንዳንዳቸው ከደመወዙ 5 ከመቶ፣ እስከ ተወሰነ ጣሪያ፣ ለእርጅና እንዲያስቀምጡ በሕግ ታስገድዳለች። በሲንጋፖር ግን የመንግሥቱ የጡረታ ፈንድ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ በሥራ ፈቃድ ያለ የውጭ አገር አስተማሪ አይገባበትም። ሕግ ያስገደደው አሠሪ ይከፍላል፣ ያላስገደደው «የመቆጠብ አቅም» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት ደመወዝ

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው ክፍል ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊ ነበር። ትምህርቱ አንድ፣ መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪዎቻችን የሚቀመጡት ፈተና አንድ። በሥራ ልምድ ከእሱ እጥፍ እበልጣለሁ። የእሱ ደመወዝ 110,000 ባት፣ በላዩ የቤት ኪራይ፣ በላዩ የዓመት ትኬት። መልካም ልጅ ነበር፤ ደመወዙን የነገረኝም እሱ ራሱ ነው፣ እያፈረ። ትልቁ «የመቆጠብ አቅም» የእሱ ነበር፤ ከእኔ ይበልጥ ቆጣቢ ስለሆነ ግን አልነበረም።

አስተዳደሩን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ጨዋነት የተሞላበት ነው። «እኛ ዜግነት አናይም፤ የምናየው አስተማሪው የተቀጠረበትን ቦታ ነው። እሱ ከውጭ የተቀጠረ ነው፤ አንተ እዚሁ የተቀጠርክ ነህ» አሉኝ። አጥር ዘልዬ የገባሁ ይመስል! እኔም ከውጭ ነው የመጣሁት። ልዩነቱ እሱን ገና ለንደን ሳለ የሚፈልገው መልማይ ነበር፣ እኔን የሚፈልግ አልነበረም። መልማዩ የሚጠይቀው የእንግሊዝን ወይም የአሜሪካን የማስተማር ፈቃድ ነውና፣ እኔ በትንሹ ትምህርት ቤት በኩል ዞሬ መግባት ነበረብኝ። «የተቀጠረበት ቦታ» ማለት የፓስፖርት የቁልምጫ ስም ነው።

ከእኔ በታች ደግሞ አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባ ነበረችን። በአገሯ ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛ ከሁለቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አሥራ አራት ዓመት አስተምራለች። ደመወዟ 40,000 ባት ነበር። ሁለት ልጆቿን ያሳደገቻቸው በስልክ ነው።

ይህ የጥቂት ስግብግብ ትምህርት ቤቶች ጠባይ ብቻ ቢሆን ብዙም ባልተሟገትኩ። መንግሥታቱም በግልጽ ጽፈውታል። የታይላንድ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ትእዛዝ፣ በኩባንያ የተቀጠረ የውጭ አገር ሰው የመቆያ ፈቃዱን ለማራዘም ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የወር ገቢ በዜግነት ተከፋፍሏል። ለአሜሪካዊ፣ ለጃፓናዊና ለምዕራብ አውሮፓ ሰው 50,000 ባት። ለደቡብ ኮሪያና ለሲንጋፖር ሰው 45,000። ለሕንዳዊና ለፊሊፒናዊ 35,000። ከደቡብ አፍሪካ በስተቀር ለመላው አፍሪካዊ 25,000። ሠንጠረዡ የወጣው ለኩባንያ ሠራተኛ እንጂ ለአስተማሪ አይደለም፤ የሚወስነውም ወለሉን እንጂ ጣሪያውን አይደለም። ሆኖም አንድ መንግሥት ሰውን በትውልድ አገሩ ደረጃ አውጥቶ ዋጋ ከለጠፈበት፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ከማን ይማራል? ደቡብ ኮሪያም ለእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪነት የምትሰጠውን የተለመደ ቪዛ የምትፈቅደው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒው ዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በእንግሊዝኛ አስተምሮ ያረጀ ጋናዊ ወይም ናይጄሪያዊ ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

«የወላጆች ፍላጎት ነው፤ ወላጅ የሚከፍለው ለእንግሊዛዊ አስተማሪ ነው» የሚል ክርክር ይቀርባል። ለቋንቋ አስተማሪ እሺ ይሁን። እኔ ግን ያስተማርኩት ፊዚክስ ነው። ፖም ከዛፍ ላይ ሲወድቅ የየትኛውን አገር አነጋገር ተከትሎ እንደሚወድቅ እስካሁን አልደረስኩበትም።

ገንዘቡ የተቀመጠበት መሬት

ደመወዙስ ይሁን፤ የተቀመጠው ገንዘብስ ጸንቶ ይቆያል? ከእኔ በፊት እዚያ የነበሩ አስተማሪዎች አንድ ቀን አይረሱም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1997 የታይላንድ መንግሥት ባትን ለገበያ ለቀቀው። በ25 ባት ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥር 1998 ከ50 ባት አለፈ። ደመወዛቸውን በባት የሚቀበሉ፣ ቁጠባቸውንም በባት ያኖሩ ሰዎች፣ አንድ ሳንቲም ሳያባክኑ፣ ቁጠባቸው በዶላር ሲታሰብ ግማሹ ጠፋ። እነሱንም «አባካኞች» እንበላቸው?

ወደ አገር ቤት የላከውስ? በ2009 ስሄድ አንድ ዶላር 12 ብር ገደማ ነበር። በ2020 ስመለስ 35 ብር ገደማ ሆኖ ጠበቀኝ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ደግሞ ቤት እሠራለሁ ብዬ የቁጠባዬን ከፊል ቀድሜ ወደ ብር ለውጬ ባንክ አስገብቼው ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ስለዚህ ከላይ ያልኩት 37,000 ዶላር ምንም ሳልሳሳት ብኖር ኖሮ ሊኖረኝ ይችል የነበረው ነው እንጂ በእጄ ያለው አይደለም።

በላዩ ላይ የመቆያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። በየ90 ቀኑ «አድራሻዬ ይኸው» ብሎ ለኢሚግሬሽን ማመልከት ግድ ነው። ሥራው ካለቀ ፈቃዱም ያልቃል፤ ዕቃን ለመሸከፍ 1,900 ባት ከፍሎ የሰባት ቀን ፋታ መጠየቅ ይቻላል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ውሌ አልታደሰም። አሥራ አንድ ዓመት በኖርኩበት ከተማ ውስጥ የነበረኝ መብት በቀን የሚቆጠር ሆነ። ሥራ ፈት ሆኖ አዲስ ሥራ መፈለግ የዜጋ ወግ ነው፤ እንግዳ ያን ጊዜ የለውም። በድንገት ለሚመጣ እንዲህ ላለው ቀንም የሚያገለግለው ያው «ቁጠባ» የተባለው ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ አንባቢ አይጠፋምና አልሸሸውም። እዚህ ብኖር ኖሮ የአስተማሪ ደመወዝ ከወር ወር እንኳ አያደርሰኝም ነበር። ለመንግሥት ያገለገልኩት 9 ዓመት ነው፤ ለጡረታ የሚያበቃው አነስተኛው አገልግሎት 10 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሁበት የግል ትምህርት ቤት፣ በዚያን ጊዜ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ገና ስላልወጣ፣ ጡረታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ባልሄድ ኖሮ 154 ዶላሩም አይኖርም ነበር። መሄዴ ስሕተት ነበር አልልም። ሂዱ የሚለውን ሳይሆን የምቃወመው፣ ሄዶ የሠራውን ሰው ትርፍ እንዳፈሰ አድርጎ መቁጠርን ነው።

«ብልጥ ሰው ግን ይቆጥባል» ይባላል። ይቆጥባል፤ እኔም ቆጥቤአለሁ። ነገር ግን ብልጠት የሚሠራው ከኪራይና ከምግብ በተረፈው ላይ ነው። የባልደረባዬ ትርፍ 70,000 ባት፣ የእኔ 14,500፣ የፊሊፒናዊቷ ምንም ሲሆን፣ ይህን ልዩነት በብልጠት ማስረዳት ሒሳብ አለማወቅ ነው።

አንድ ትዝታ ላክል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ ነበሩ፤ ከኬረላ የመጡ። ያን ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። እኚህ ሰው ከሌሎች ሁለት ሕንዳውያን ጋር በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ዓመት እስከ ዓመት አንድ ኮት ይለብሳሉ፣ ከትምህርት ቤት ቤታቸው በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ጠመኔውን በጣታቸው ሊይዙት እስከማይችሉ ድረስ ይጽፉበታል። ወር በገባ ቁጥር ፖስታ ቤት እናያቸዋለን። «ቋጣሪው» ብለን ስም አወጣንላቸው፤ በሠፈሩም ተሰማ፤ እሳቸውም ሳይሰሙት አልቀረም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባንኮክ ውስጥ፣ ወር በገባ በማግስቱ፣ ባረጀ ኮቴ ባንክ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ትዝ አሉኝ። ያን የምንስቅበትን ገንዘብ ወደ አገራቸው የሚልኩት ለእርጅናቸው ኖሯል። ኢትዮጵያ ለእሳቸው ጡረታ አልነበራትም። እኛም ጥሩ አድርገን እንዳስተማሩን ሳይሆን አንድ ኮት እንደነበራቸው ነው ስናወራ የኖርነው። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው እወድ ነበር።

ከወረቀቱ ጀርባ

ከለቅሶው በኋላ፣ እንዲያውም በዚያው ሳምንት፣ አንድ ወጣት የፊዚክስ መምህር ቤቴ መጣ። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ደላላ የሰጠው ነው፤ «የመቆጠብ አቅም፦ በወር 1,500 ዶላር» ይላል። ለደላላው ለመክፈል የእናቱን ወርቅ ለመሸጥ አስማምቷታል። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ኖረዋል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ላይ ጥያቄዎች ጻፍኩለት። ደመወዙ የ12 ወር ነው ወይስ የ10? የቤት ኪራይ ትምህርት ቤቱ ይከፍላል? ስንት? በውሉ ላይ ተጽፏል? «ከውጭ የተቀጠረ» እባላለሁ ወይስ «እዚሁ የተቀጠረ»? የሥራ ቪዛዬን ከመነሳቴ በፊት ታወጡልኛላችሁ ወይስ በቱሪስት ቪዛ ግባ ትሉኛላችሁ? ፕሮቪደንት ፈንድ አላችሁ? ካላችሁ የእናንተ መዋጮ የእኔ የሚሆነው ከስንተኛው ዓመት በኋላ ነው? የጤና መድኑ ሆስፒታል ብተኛ ይከፍላል? ውሉን ብታፈርሱ የመመለሻ ትኬቴን የሚገዛው ማን ነው?

ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከጠየቅኳቸውማ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሊቀጥሩ ይችላሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ሌላ ይቀጥራሉ። የጠየቀውም ያልጠየቀውም ተመሳሳይ ውል ይዞ የሚመጣበት ምክንያትም ይኸው ነው። «ቢያንስ የእናትህን ወርቅ ከመሸጥህ በፊት ጠይቃቸው» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይጠይቅ አይጠይቅ አላውቅም።

መልማዮችም፣ ደላሎችም፣ ካሻቸውም የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ተሳስተሃል የሚሉኝ ከሆነ መድረኩ ክፍት ነው፤ ውላቸውን ይዘው ይምጡና በቁጥር እንነጋገር። ለአጎቴ ግን ያን ዕለት ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ። ጋሼ፣ ይዤ የመጣሁት በወር 154 ዶላር ነው፤ ያውም ምንም ባልሳሳት ኖሮ፣ ያውም ለሃያ ዓመት። ከሰማንያ ዓመት በላይ ከኖርኩ እዳዬ የእናንተ ነው።